ስለ ፓርኪንሰን በመጦሪያ ቤት የሚነገሩ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በነርስነት እሠራለሁ። ፓርኪንሰን ያለባቸው እናቶችና አባቶች ሲገቡ አብረዋቸው የሚመጡ አባባሎች አሉ። ቤተሰብ ይላቸዋል፣ ጠያቂ ይላቸዋል፣ አንዳንዴም ሠራተኛው ራሱ ይላቸዋል። በክፋት አይደለም። ግን አብዛኞቹ ሕመሙን ትተው ታማሚውን ይወቅሳሉ። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው።

“እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል”

እርጅና ሰውን ያዘገያል እንጂ አንድ እጁን ለይቶ አያንቀጠቅጥም። ፓርኪንሰን የአንጎል ሕመም ነው። ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ሰውነት ይገትራል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በዝርዝር የጻፈው በፈረንጆች 1817 ነው። ዕድሜ ሲገፋ በብዛት መታየቱ እውነት ነው፤ ቦክሰኛው መሐመድ አሊ ግን ሕመሙ ሲታወቅ ገና 42 ዓመቱ ነበር። የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። የሚያቃልል ግን አለ፤ “እርጅና ነው” ተብሎ የተተወ ሰው ይህን እንኳ ሳያገኝ ይኖራል።

“እጁ ካልተንቀጠቀጠ ፓርኪንሰን አይደለም”

ጭራሽ የማይንቀጠቀጡ ታማሚዎች አሉ። እነሱ ላይ የሚታየው መዘግየትና መገተር ነው። ሲራመዱ አንድ እጃቸው አይወዛወዝም፤ የእጅ ጽሑፋቸው እያነሰ ይሄዳል። የሆድ ድርቀትና የማሽተት ችግር ደግሞ ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ቡና ተቆልቶ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት፣ አጠገቡ ተቀምጠው የማይሸታቸው እናት አውቃለሁ።

“ይተላለፋል”

አይተላለፍም። ከአንድ ማዕድ ይብሉ። ጉርሻው ግን ትንሽ ይሁን፤ ብዙዎቹ መዋጥ ይቸግራቸዋል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ የመጀመሪያውን ሳይውጡ ሁለተኛው ሳይመጣባቸው ይብሉ።

“አኩርፈዋል፣ ፊታቸው አይፈታም”

የፊት ጡንቻም ይገትራል። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ “አላወቁኝም እንዴ? ደስ አላላቸውም” ብሎ አዝኖ ሲወጣ አይቻለሁ። አባትየው ግን ከሄደ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስለ እሱ አወሩኝ፤ በዚያች ዝቅ ባለች ድምፃቸው። ድምፅም በሕመሙ ይደክማል። ጆሮን ጠጋ ማድረግና ቴሌቪዥኑን መቀነስ ነው። በሌላ በኩል ድብርት ራሱ የዚህ ሕመም አንዱ አካል ነው። ከምግብ፣ ከእንቅልፍ፣ ከሰው እየራቁ ከሄዱ ለሐኪም ይነገር፤ ይታከማል።

“ሲፈልጉ ይሄዳሉ፣ ሲፈልጉ እምቢ ይላሉ”

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። በመጦሪያ ቤት ብዙ ቅያሜ የሚነሳው በዚህ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠያቂያቸውን ብቻቸውን እስከ አጥር በር የሸኙ አባት፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ ያቅታቸዋል። ተንከባካቢዋ “አሁን ደህና አልነበሩም እንዴ አባባ?” ትላለች። ነበሩ። መድኃኒቱ እየሠራ ነበር። ሌቮዶፓ የሚባለው ዋናው መድኃኒት አንጎል ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ሕመሙ ዓመታት ሲቆጥር ግን አንዷ የኪኒን ፍሬ የምትሠራበት ጊዜ ያጥራል። ኃይሏ ሲያልቅ ሰውነት መልሶ ይተሳሰራል። እልህ የለበትም።

ስለዚህ ወሳኙ ሰዓት ማክበር ነው። ለሁሉም አረጋዊ ከቁርስ ጋር በአንድ ዙር መድኃኒት ማደል ለእኛ ይቀላል። ለፓርኪንሰን ግን አይሠራም። ሐኪሙ ሰባት ሰዓት ካለ ሰባት ሰዓት ነው፤ ፈረቃ እስኪቀያየር አይጠብቅም። ምግብም አለበት። ሌቮዶፓ ከፕሮቲን ጋር ይሻማል፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ የሐዋሳ ዓሣ፣ ሽሮም ጭምር። ሐኪም ሌላ ካላዘዘ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መውሰድ ይሻላል። የሚያቅለሸልሻቸው ከሆነ ትንሽ ዳቦ ይቅመሱ። ይህ ማለት ግን ዓሣውን ከልክሏቸው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ እንዲሁም ይከሳሉ።

በር ላይ ሲደርሱ ድንገት ቀጥ የሚሉም አሉ። እግራቸው መሬት የያዘው ይመስላል። ያኔ ክንድ ይዞ ወደፊት መጎተት መጣል ነው። ጎን ቆሞ መጠበቅ፣ ከዚያ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ብሎ አብሮ መቁጠር ይረዳል። እኛ ምግብ ቤቱ ደፍ ላይ ቀለም ያለው ፕላስተር በአግድም ለጥፈናል። መስመሩን ልሻገር ብለው ሲያስቡ እግራቸው ይነሳል። መዝሙር እያንጎራጎሩ የሚያልፉ እናትም አሉን፤ ምቱ ይመራቸዋል።

“ቁጭ ብለው ይረፉ”

ያለ እንቅስቃሴ መዋል ይበልጥ ያስራቸዋል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ከሰው ጋር በሐይቁ ዳር መራመድ መልካም ነው። ከአልጋ ሲነሱ ግን አይቸኩሉ፤ ብዙዎቹ ሲቆሙ የደም ግፊታቸው ይወርዳል። መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይበሉ።

“ባቄላ መድኃኒቱን ይተካል”

ባቄላ ውስጥ በእርግጥ ሌቮዶፓ አለ። መጠኑ ግን ከእሸት እሸት ይለያያል። ይብሉት፤ የሐኪሙን ፍሬ አይተካም። እንደውም በላዩ ላይ ብዙ መብላት መጠኑን ሊያዛባ ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገር።

“ጸበል ከጀመሩ መድኃኒቱ ይቁም”

ጸበሉንም ጸሎቱንም የሚነካ የለም። እኔም እጸልያለሁ። ሌቮዶፓን በአንዴ ማቆም ግን ለሕይወት ያሰጋል። ሰውነት እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ኃይለኛ ትኩሳት ይነሳል፣ አእምሮ ይዛባል። ጸበል ቦታ ሲሄዱ መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ፤ ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሂድ። ጾምም እንዲሁ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፍሬዋን ሳይውጡ የሚቆዩ እናቶች አሉ። እኛ ብንለምናቸው አይሰሙንም፤ የንስሐ አባታቸው ሲነግሯቸው ግን እሺ ይላሉ። ረመዳን ለሚይዙትም ኢማሙንና ሐኪሙን አስቀድሞ ማማከር ነው።

“የማስታወክ መድኃኒት ሁሉ አንድ ነው”

አይደለም። ማስታወክ ሲመጣ በየክሊኒኩ የሚሰጠው ፕላሲል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ ዶፓሚንን ስለሚያግድ ፓርኪንሰኑን ያባብሳል። አእምሯቸው ሲረበሽ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም እንደዚያው ነው። ሰው ወደ ሆስፒታል ስንልክ አንድ ወረቀት እንሰጣለን፤ ፓርኪንሰን እንዳለባቸው፣ መድኃኒታቸውን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱ፣ እነዚህ ሁለቱ እንዳይሰጧቸው ተጽፎበታል። የራሳቸውም መድኃኒት አብሮ በፌስታል ይገባል፤ ዋርድ ውስጥ ቶሎ ላይገኝ ይችላል።