ራፓማይሲን፦ ከእርጅና ምርምር እስከ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም

ራፓማይሲን ኩላሊት የተተከለላቸው ሕሙማን ሰውነት አዲሱን አካል እንዳይገፋ የሚታዘዝ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በእርጅና ምርምር ስሙ ጎልቶ የሚነሣ መድኃኒት ነው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 በፓስፊክ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ራፓ ኑይ (ኢስተር) ደሴት የተጓዘ የካናዳ የሕክምና ቡድን ከሰበሰበው አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ሞንትሪያል በሚገኘው የአየርስት ላቦራቶሪ ለይተው ያወጡት ሱሬን ሰህጋልና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላቦራቶሪው ሲዘጋ ሰህጋል ባክቴሪያውን በብልቃጥ አሽገው በቤታቸው ፍሪዘር አቆዩት፤ መድኃኒቱ በ1999 በአሜሪካ ለመፈቀድ የበቃው በእኚህ ሰው ጽናት ነው ማለት ይቻላል።

ራፓማይሲን የሚገታው ኤምቶር የተባለውን፣ ምግብ በበቂ ሁኔታ ሲኖር ሕዋስ እንዲያድግ የሚያዝዘውን ፕሮቲን ነው። ኤምቶር ሲገታ ኦቶፋጂ፣ ማለትም ሕዋሱ የተበላሹ ክፍሎቹን ሰባብሮ መልሶ የሚጠቀምበት ሂደት፣ ይነቃቃል። በ2009 በወጣ ጥናት መድኃኒቱን በ600 ቀን ዕድሜያቸው የጀመሩ አይጦች፣ 90 በመቶዎቹ በሞቱበት ዕድሜ ሲለካ፣ ሴቶቹ 14፣ ወንዶቹ 9 በመቶ ረዘም ያለ ዕድሜ ኖረዋል። የሰውን ዕድሜ ማርዘሙ ግን አልተረጋገጠም።

ሥር የሰደደ የድካም ሕመም መለያው ከጥቂት ጥረት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ፣ የሚከተል መባባስ ነው፤ ፀጉር መታጠብ እንኳ ሕመምተኛውን ለቀናት አልጋ ላይ ሊያውለው ይችላል። በ2015 የወጣ የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ሪፖርት በዚያች አገር ብቻ ከ836,000 እስከ 2.5 ሚሊዮን ሰዎች እንደሚታመሙበት ገምቷል። ለረጅም ጊዜ ችግራቸው ከአእምሮ የመጣ ነው እየተባለ ተገፍተው የኖሩት እነዚህ ሕሙማን ዛሬም በይፋ የጸደቀ መድኃኒት የላቸውም።

ሁለቱን መስኮች የሚያገናኛቸው የሕዋስ ኃይል ነው። በ2023 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ዋስፍ3 የተባለ ፕሮቲን በሕሙማን ጡንቻ ውስጥ በዝቶ እንዳገኙትና የማይቶኮንድሪያን (የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ክፍሎችን) የኃይል ምርት እንደሚያውክ አሳይተዋል። ኦቶፋጂም በሕመሙ ተስተጓጉሎ ሊሆን ይችላል የሚል መላምት ስላለ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ዝቅተኛ መጠን ያለው ራፓማይሲን የወሰዱ ሕሙማን ተጠንተው ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ መሻሻል እንዳዩ ተናግረዋል፤ ሆኖም ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፣ ሕመሙም በራሱ ጊዜ የሚጠናና የሚቀል በመሆኑ ይህ ክፍተት ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ የአፍ ቁስልና የደም ቅባት መጨመር ሊያስከትል፣ በሽታ የመከላከል አቅምንም ሊያዳክም ይችላል፤ የብዙዎቹ ሕመም የጀመረው ከኢንፌክሽን በኋላ ስለሆነ፣ ያለ ሐኪም ክትትል ሊወሰድ አይገባም።