«አብሽር፣ ብርዱ ነው»፦ ስለ ዲናሞ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ጠዋት መኪና አልነሳ ሲል ጎረቤት «አብሽር፣ ብርዱ ነው» ይላል። ብርድ ባትሪ ያደክማል፤ ሐቅ ነው። ነገር ግን በሌላ መኪና ባትሪ የተነሳው ሞተር ጥቂት ሄዶ እንደገና ከጠፋ፣ በደሴና ኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ መንገድ ለጭጋጉ የበራው መብራትም እየፈዘዘ ከመጣ፣ ከብርዱ ይልቅ ባትሪውን መሙላት ያቃተው ዲናሞ (አልተርኔተር) ይጠርጠር።

«ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀል፤ ካልጠፋ ዲናሞው ጤነኛ ነው።»
ይህን ምክር ከድሮ ሹፌሮች ወረስነው፤ ባንወርሰው ይሻል ነበር። ባትሪው የቮልቴጁን መዋዠቅ ያረግባል። በድንገት ሲነቀል ቮልቴጁ ሽቅብ ይዘልና የሞተሩን ኮምፒውተር፣ ሬዲዮውን፣ የራሱን የዲናሞውንም ዳዮድ ሊያቃጥል ይችላል። ደግሞም አያስተማምንም፤ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ዲናሞው ሞቶም መሥራቱን ይቀጥላል። በቴስተር (የቮልት መለኪያ) መለካት ይሻላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ፣ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ በአብዛኛው መኪና ከ13.5 እስከ 14.5 ይደርሳል። መብራትና ማሞቂያ በርተው ከ13 በታች ከወረደ ባትሪው በቂ ኃይል እያገኘ አይደለም፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ የዲናሞው ቮልቴጅ ተቆጣጣሪ ተበላሽቶ ባትሪውን እየቀቀለው ነው።

«ቀዩ የባትሪ ምልክት ካልበራ ሰላም ነው።»
ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ምልክቱ መብራት አለበት። ያኔም ካልበራ አምፖሉን ወይም መስመሩን ያስፈትሹ።

«ዲናሞው ከደከመ ሙሉውን መቀየር ግድ ነው።»
መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ይታይ፤ ላልቶ ከሆነ ዲናሞው ምንም አልበደለም። ያለቀ ካርቦን (ብሩሽ) እና የሚጮህ ኩሽኔታም (ቤሪንግ) ለብቻቸው ይቀየራሉ። በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ተቃጥሎ ከሸተተ ግን ሙሉው ይቀየር፤ አዲሱም በቮልት፣ በአምፔርና በፑሊ መጠን ከነባሩ ጋር ይግጠም። ከመፍታትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። ወደ ዲናሞው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ሞተሩ ጠፍቶም ኃይል አለው፤ መፍቻዎ ሽቦውንና ብረቱን አንድ ላይ ከነካ ፍንጣሪው እጅ ያቃጥላል።

«አዲስ ዲናሞ የሞተ ባትሪ ያስነሳል።»
ዲናሞ የተሠራው የተሞላ ባትሪን እንደሞላ ለማቆየት ነው። ባዶ ባትሪ ጭኖ ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ ባትሪውን አይሞላውም፤ አዲሱን ዲናሞ ግን በመጀመሪያው ቀን ያግለዋል። ባትሪው አስቀድሞ በቻርጀር ይሞላ።