ከገበያ የጠፉ የሰዓት መለዋወጫዎችን ከባሕር ማዶ ሻጮች መግዛት

በሞላ የሚሠራ የእጅ ሰዓት በየጊዜው ታጥቦ ዘይት ከተቀባ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቆመው እርጅናው ሳይሆን አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሞላው ተበጥሷል፣ የመሙያው ዘንግ ተሰብሯል፣ ወይም ተወዛዋዡን መንኰራኩር የሚሸከመው ቀጭን ዘንግ ጫፉ ሄዷል። ዕቃው በሠፈሩ ሰዓት ሠሪ መሳቢያ ውስጥ ሲታጣ ፍለጋው ወደ ኢንተርኔት ገበያ ይዞራል። እንግሊዝ፣ ጃፓን፣ ሕንድና ዩክሬን ያሉ ሻጮች በፖስታ ይልኩታል።

ዕቃው የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት የፋብሪካዎች መዘጋት ነው። የጃፓኑ ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ፣ ማለትም ያለ ሞላ በባትሪ የሚሠራ፣ የእጅ ሰዓት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1969 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ገበያው ወደ ኳርትዝ ሲዞር የሞላ ሰዓት ፋብሪካዎች ተጎዱ። በ1970 ወደ 90,000 የሚጠጉ ሠራተኞች የነበሩት የስዊስ የሰዓት ኢንዱስትሪ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። የተዘጉት ፋብሪካዎችና ሱቆች ያከማቹት፣ በወረቀት ፖስታና በቆርቆሮ ሣጥን የታሸገ፣ አንድ ጊዜም ያልተገጠመ አሮጌ ዕቃ ዛሬ በየግለሰቡ እጅ ተበትኖ ይሸጣል።

ሌላው ምክንያት ግን የሰው ሥራ ነው። ፋብሪካቸው በደኅና የሚሠራ ትልልቅ ኩባንያዎች መለዋወጫ ለራሳቸው የጥገና ማዕከላትና ለመረጧቸው ባለሙያዎች ብቻ መስጠትን መርጠዋል። የነፃ ሰዓት ሠሪዎች ማኅበራት ጉዳዩን በ2004 ለአውሮፓ ኮሚሽን አቀረቡ። ኮሚሽኑ በ2008 አቤቱታውን ውድቅ አደረገ፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2010 ውሳኔውን ሻረ፤ ኮሚሽኑ እንደገና መርምሮ በ2014 መዝገቡን ዘጋ፤ በ2017 ፍርድ ቤቱ ይህንን አጸና። ኦሜጋን፣ ሎንጂንንና ቲሶን የያዘው ስዋች ግሩፕም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለመለዋወጫ ጅምላ ሻጮች ማቅረቡን አቆመ። ሰዓቱን በገንዘቡ የገዛ ሰው የመረጠው ባለሙያ እንዳይጠግንለት መከልከል በደል ነው፤ ሙያውን ለዓመታት በተማረው ሰዓት ሠሪ ላይም የእንጀራ በር ይዘጋል።

ዕቃ ለማግኘት ዋናው ቁልፍ በሰዓቱ ፊት ላይ የተጻፈው ስም አይደለም። በመቶ የሚቆጠሩ ስሞች ከጥቂት ፋብሪካዎች በተገዛ ተመሳሳይ ማሽን ሠርተዋል። የጀርባው ክዳን ሲከፈት፣ ብዙ ጊዜ ከተወዛዋዡ መንኰራኩር ሥር፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚነበብ የፋብሪካ ምልክትና ቁጥር ይታያል። መፈለግ ያለበት በዚያ ቁጥር ነው፤ በታዋቂ ስም የተፈለገ ዕቃ ዋጋው በከንቱ ይንራል። የስዊስ ፋብሪካዎች ለየዕቃው የጋራ ቁጥርም አላቸው፤ 401 የመሙያው ዘንግ፣ 721 ተወዛዋዡ መንኰራኩር ከፀጉር መሰል ሞላው ጋር፣ 770 ዋናው ሞላ ነው። በሴይኮ ግን ጀርባውን ማየት ይበቃል። 7009-876A ተብሎ ከተጻፈ፣ 7009 ማሽኑን፣ ቀሪው ቀፎውን ያመለክታል።

ከዚያ በኋላ ልኬት ይቀራል። ሞላ በወርድ፣ በውፍረትና በርዝመት ይለካል፤ በውፍረቱ ላይ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ልዩነት እንኳ ጉልበቱን ይለውጣል። ለምሳሌ የስዊሱ ፋብሪካ ኢቲኤ ለሠራው 2824 ለተባለ ማሽን የሚሆነው የመሙያ ዘንግ ጥርሱ 0.90 ሚሊሜትር ስለሆነ በሌላ ልክ የተሠራ መሙያ አይጠመዘዝበትም። ነጠላ ዕቃ ሲጠፋ ደግሞ ተመሳሳይ ማሽን ያለው የማይሠራ ሰዓት ሙሉውን ገዝቶ መፍታት የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይህ ከነጠላ ዕቃ ይረክሳል።

ገበያው እንደ አገሩ ይለያያል። በ1961 ከጃፓኑ ሲቲዝን ጋር በመተባበር ባንጋሎር ላይ የተመሠረተው የኤችኤምቲ የሰዓት ፋብሪካ እንዲዘጋ የሕንድ መንግሥት በ2016 ቢወስንም፣ ዕቃው በሕንድ ሻጮች ዘንድ በርካሽ ይገኛል። ነገር ግን ከዚያው አገር እንደገና የተቀቡ የሰዓት ገጾች በብዛት ይወጣሉ። ደማቅ ቀለም፣ የተንሻፈፈ ጽሑፍና በዋናው ሰዓት ላይ ያልነበረ አርማ ከታየ ገጹ ኦሪጅናል አይደለም። የሶቪየት ሰዓቶች ዕቃ፣ የፖልዮት፣ የራኬታና የቮስቶክ ማለት ነው፣ ከሩሲያና ከዩክሬን ይመጣ ነበር፤ በ2022 የኢንተርኔት ክፍያ ድርጅቱ ፔይፓል በሩሲያ አገልግሎቱን ካቆመ ወዲህ ብዙ ገዢዎች ወደ ዩክሬን ሻጮች ዞረዋል።

ከ1960ዎቹ በፊት የተሠሩ፣ በጨለማ የሚያበሩ ቆጣሪዎችና ገጾች ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀለማቸው ብዙ ጊዜ ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አለበት። ራዲየም ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ገደማ ስለሆነ ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አልጠፋም፤ መፋቅና ብናኙን መተንፈስ አደገኛ ነው።

ከዕቃው ዋጋ በላይ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ መላኪያውና ቀረጡ ነው። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ለሚያወጣ ጥቅል ትሰጥ የነበረውን የቀረጥ ነፃ መብት ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ አንሥታለች፤ ዋሽንግተን ሆኖ ከጃፓን የሚያዝዝ ሰው ይህን ማስላት አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ሁሉም ሰው ስለሌለው፣ ውጭ ያለ ዘመድ ዕቃውን በአድራሻው ተቀብሎ በመንገደኛ እጅ ይልካል። በዚህ መንገድ የመጣ ዕቃ ልኩ ባይሆን ለሻጩ መመለስ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ዘመዱ ጥቅሉን እዚያው ከፍቶ፣ ዕቃውን ከሚሊሜትር መለኪያ አጠገብ ፎቶ አንሥቶ ለሰዓት ሠሪው ቢያሳይ፣ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ስሕተቱ ይታወቃል።