ብሬስ ከተፈታ በኋላ የሚታየው ነጭ ምልክት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብሬሱ (ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ) ተፈትቶ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ሲታይ፣ ብራኬቱ (ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ) ተለጥፎበት በነበረው ቦታ ዙሪያ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ምልክት ብቅ ሊል ይችላል። አዳማ ላይ ስለዚህ ምልክት የሚባለው ብዙ ነው።

«ማጣበቂያው ነው ያበላሸው»
አይደለም። ነጩ ቦታ ኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን) ካልሲየምና ፎስፌት ያጣበት ነው። በብራኬቱና በድዱ መካከል የሚቀረውን ስኳር ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜሉ ይሟሟል። በደንብ ካልተቦረሸ ብሬስ በታሰረ በ4 ሳምንት ውስጥ እንኳ ሊጀምር ይችላል። የቀረ ማጣበቂያ ሌላ ነገር ነው፤ ምላስ ሲያልፍበት ይሻክራል፣ ሻይና ቡና ቀለም ያስይዘዋል። በመርፌ ወይም በምላጭ መፋቅ ኢናሜሉን ይጭራል። ክሊኒክ ተመልሶ ማስነሳት ነው።

«ውሃችን ፍሎራይድ ስለሚበዛው ፍሎራይድ ያለው ኮልጌት ይቅርብን»
ስጋቱ ከመሬት አልተነሳም። በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይ ወንጂ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የብዙ ሰው ጥርስ አበላሽቷል። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ግን ከአዋሽ ወንዝ የሚመጣ ነው። ደግሞም ፍሎራይድ ጥርስን የሚያዥጎረጉረው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ድረስ፣ ከተዋጠ ነው። ቀድሞ የበቀለ ጥርስ በመቦረሽ ለዚህ አይዳረግም፤ የታናናሾቹን ኮልጌት መጠን መቆጣጠር ግን ያስፈልጋል፤ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ ያህል፣ እንዳይውጡትም እየተጠበቁ።

ሁለቱን መለየት አይከብድም። የውሃው ምልክት ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ነው፣ ጥርሱን አግድም ያቋርጣል፣ ከብሬሱ በፊትም ነበር። የብሬሱ ደግሞ የብራኬቱን ጠርዝ ተከትሎ ድዱ ጋ ይጠጋል። ብሬስ ከመታሰሩ በፊት የተነሳ ፎቶ ካለ ነገሩን ይፈታል።

«በሎሚ፣ በጨው ወይም በከሰል ብንፈገፍገው ይለቃል»
ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ማዕድኑ የጎደለው ከላይኛው ስስ ሽፋን ሥር ነው። ሎሚው ያንን ሽፋን ያሟሟዋል፣ ከሰልና ጨው ይፍቁታል፤ ሽፋኑ ከተበሳ ወደ መሙላት ነው የሚኬደው። የጥርስ ማንጫም ቢሆን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይቆይ።

«ጠንካራ ፍሎራይድ ወዲያው ከተቀባ ቶሎ ይድናል»
የግድ አይደለም። ፊት ለፊት የሚታይ ነጭ ቦታ ላይ ወፍራም ፍሎራይድ ወዲያው ሲቀባ ላይኛው ሽፋን ቀድሞ ይጠነክርና ውስጡ እንደነጣ ሊቀር ይችላል ብለው ብዙ ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ። ለመቦርቦር የተጋለጠ ሰው ግን ቫርኒሽ (ሐኪም ጥርስ ላይ የሚቀባው ወፍራም ፍሎራይድ፤ 22,600 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 22,600 እጅ) ሊያስፈልገው ስለሚችል ውሳኔው የሐኪሙ ነው። ለሌላው የየዕለቱ ኮልጌት ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም ይበቃል፤ ቁጥሩን ቱቦው ላይ ማየት ነው። ጠዋትና ማታ 2 ደቂቃ ቦርሾ አረፋውን መትፋት፣ በውሃ ግን አለመጉመጥመጥ። እኛ ጋ ሥራውን የሚያጠፋው ይኸው አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። አብዛኛው መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ወራት ይታያል። ከ6 ወር በኋላም የቀረውን ሐኪም በሬዚን (ጥርሱ ውስጥ ሰርጎ በሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ፈሳሽ) ሊሸፍነው ይችላል።

«ሪቴይነር ካደረግኩ ጥርሴ ተሸፍኗል»
ግልጹ ሪቴይነር (ጥርሱ ወደ ድሮ ቦታው እንዳይመለስ የሚደረገው የፕላስቲክ ልባስ) አፍ ውስጥ እያለ ለስላሳ ወይም ስኳር ያለው ማኪያቶ ከተጠጣ ጣፋጩ ከሥሩ ይታሰራል፣ ምራቅም ደርሶ አያጥበውም። ሪቴይነሩ ካልወለቀ ውሃ ብቻ። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፤ በሙቅ ውሃም ሆነ ቀትር ላይ ፀሐይ በመታው መኪና ውስጥ ይጣመማል።