ሞተሩ እየሠራ መውረድ፦ የትንሽ አውሮፕላን አደጋ እንዴት ይመረመራል?

ሞተር አየር ላይ ቀጥ ብሎ አብራሪው ያገኘው ሜዳ ላይ ቢወርድ፣ ያ የግዴታ ማረፍ ነው። የጥንቃቄ ማረፍ ሌላ ነው። አውሮፕላኑ ገና ይበራል፤ ግን ደመናው እየወረደ፣ ነዳጁ እየተሟጠጠ ወይም ሞተሩ እየተንተፋተፈ ነው፤ አንዳንዴም አብራሪው መንገድ ጠፍቶበታል። ስለዚህ «ሳይብስ ልውረድ» ይላል። ጊዜ ስላለው ከላይ ዞር ዞር ብሎ ሜዳውን ያያል፤ ሣር የሸፈነው ቦይና ቀጭን የመብራት ሽቦ ግን ከላይ አይታዩም።

ብልሽት ሁሉ «አደጋ» አይባልም። በአሜሪካ ደንብ ሰው ካልተጎዳ የጎማ፣ የብሬክ ወይም መሬት የነካ ፕሮፔለር ጉዳት ብቻውን ከባድ ተብሎ አይቆጠርም። የክንፉ ዋና ተሸካሚ ከተጣመመ ግን ነገሩ ወደ ብሔራዊው የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ (ኤንቲኤስቢ) ይሄዳል።

በ2011 ዓ.ም. የኢቲ 302 ጥቁር ሳጥኖች ፓሪስ ድረስ ተወስደው ነበር የተነበቡት። እንደ ሴስና 172 ባለ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሳጥን የለም። መርማሪው ያለው መሬቱና ስብርባሪው ነው። የጎማው ፈለግ ከየት ጀመረ? አጥሩ የተበጠሰው ምን ያህል ከፍታ ላይ ነው? የፕሮፔለሩ ምላጮች በወርዳቸው ተፍቀው ከተጠማዘዙ ሞተሩ ጉልበት እንደነበረው ይጠረጥራል፤ አንዱ ብቻ ወደ ኋላ ታጥፎ ሌላው ደህና ከሆነ ምናልባት ቆሞ ነበር። ከታንኩ ሥር ነዳጅ በብርጭቆ ይቀዳል። የተለመደው የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ስለሆነ፣ ከሥሩ ቀለም የሌለው ነገር ከተኛ ውሃ ገብቷል ማለት ነው።

የሚያናድደው በረዶ ነው። ካርቡረተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው የሞተሩ ክፍል) ውስጥ ተጋግሮ ሞተሩን ያደክምና መርማሪው ሲደርስ ቀልጦ የለም! ያኔ የዕለቱን ሙቀትና እርጥበት አይቶ ከመገመት ሌላ አማራጭ የለውም።

ፍጥነትም ይሰላል። ሰው ሊቋቋመው በሚችል ኃይል፣ ማለትም በ9 ጂ (የመሬት ስበት ዘጠኝ እጥፍ)፣ ለመቆም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ አውሮፕላን ወደ 3 ሜትር ይበቃል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

በጥንቃቄ ማረፍ ላይ ግን ዋናው ጥያቄ፣ ለእኔ፣ የሰዓት ጥያቄ ነው። መውረዱ ውሳኔ ስለነበር መቼ ተወሰነ? የስልክና የጂፒኤስ መዝገብ አውሮፕላኑ የት እንደዞረ፣ ስንት ጊዜ እንዳመነታ ያሳያል። ቀሪውን የሚያውቀው አብራሪው ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 13ኛ አባሪ የምርመራው ዓላማ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም የሚለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እቀጣለሁ ብሎ የፈራ ሰው የነዳጅ መለኪያውን መጀመሪያ ያየው መቼ እንደሆነ አይናገርም።