በራስ ጋራዥ የሚሠራ የመኪና እግር ብየዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መኪናውን ለወጣ ገባ መንገድ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ጎማውን ከሻሲው ጋር ከሚያገናኙት የእግር ክፍሎች ነው፤ የሞላ መቀመጫውን ከፍ ያደርጋል፣ አዲስ የአሞርዛተር መያዣ ይበይዳል፣ ሻሲው ላይ ማጠናከሪያ ላሜራ ይጨምራል። ይህን በራስ ጋራዥ መሥራት የማይቻል አይደለም። ነገር ግን የበር ብየዳ ቢለቅ በሩ ይዘማል፤ የእግር ብየዳ በጉዞ ላይ ቢለቅ መኪናው ከአሽከርካሪው ቁጥጥር ይወጣል። ከዚህ በታች የሚነሡት አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት አንድ ነገር ከመዘንጋት ነው፦ የእግር ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው በአንድ ከባድ ምት ሳይሆን በየጉድጓዱ በሚደጋገም ጭነት ብረቱ ደክሞ ነው።

«ብየዳው ካማረ ጠንካራ ነው» የሚለው እምነት ከሁሉም የተስፋፋው ነው፤ ከሁሉም አደገኛውም እሱ ይመስለኛል። በተለይ በአነስተኛ የሚግ ማሽን (ሽቦ በራሱ እየመገበ በሚበይድ ማሽን) ወፍራም ብረት ሲበየድ፣ ሽቦው ቀልጦ ወጥና የሚያምር መስመር እየሠራ ከሥሩ ያለው ብረት ግን ሳይቀልጥ ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ መሙያው፣ ማለትም የቀለጠው ሽቦ፣ ከብረቱ ጋር አልተዋሐደም፤ በላዩ ላይ ተኝቷል እንጂ። ዓይን መጥፎውን ብየዳ ለይቶ ሊጥል ይችላል፤ ለደህናው ግን ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ መኪናው ላይ ከመጀመር በፊት ዓይነቱና ውፍረቱ ከሚበየደው ጋር አንድ የሆነ ቁራጭ ብረት ወስዶ፣ በዚያው አምፔርና በዚያው አቅጣጫ፣ አንዱን ላሜራ በሌላው ላይ አቁሞ በአንድ ወገን ብቻ መበየድ፣ ከዚያም የቆመውን በመዶሻ ወደ ብየዳው በኩል ማጠፍ ይገባል። ብየዳው ተላቆ ሲነሣ ከሥሩ የግራይንደሩ ጭረት እንኳ ሳይጠፋ ከታየ፣ ብረቱ ጨርሶ አልቀለጠም ማለት ነው። በቀለም የሚደረገው የስንጥቅ ፍተሻም ቢሆን የሚያሳየው እስከ ገጹ የደረሰን ስንጥቅ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ዓይነቱን የተደበቀ ጉድለት አያወጣውም።

ከዚህ የሚቀጥለው «መሙያው በበዛ ቁጥር ጥንካሬው ይጨምራል» የሚለው ነው። ሁለት ላሜራዎች በማዕዘን በሚገናኙበት ብየዳ ላይ ጭነቱን የሚሸከመው ውፍረት ከብየዳው እግር (ብየዳው በእያንዳንዱ ላሜራ ላይ ከሚያርፍበት ጎን) ርዝመት 0.7 ያህሉ ነው፤ በአብዛኛው ሥራ የብየዳው እግር ከቀጭኑ ላሜራ ውፍረት ጋር ከተስተካከለ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጨመረው መሙያ ይዞት የሚመጣው ሙቀት ነው። ሙቀቱም ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስባል፤ በኋለኛው ፖንቴ (የኋላ ጎማዎቹን በሚያገናኘው አክስል) ቱቦ ላይ ረጅም ማጠናከሪያ በአንድ ትንፋሽ የበየደ ሰው ቱቦው ጎብጦ፣ ጎማዎቹ ከመስመር ወጥተው የሚያገኛቸው ለዚህ ነው። መፍትሔው እያፈራረቁ አጫጭር መስመሮችን መበየድና በየመሃሉ በራሱ እንዲቀዘቅዝ መተው ነው፤ ውሃ ማፍሰስ ግን ብረቱን ሊያጠነክረውና ተሰባሪ ሊያደርገው ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም።

የብየዳው ቦታም ከብየዳው መጠን ባልተናነሰ ይወስናል። ድካም የሚያስከትለው ስንጥቅ በብዛት የሚነሣው የብየዳው መስመር ከዋናው ብረት ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ በአርኩ (ብረቱን በሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ተበልቶ ትንሽ ቦይ ከተፈጠረበት ደግሞ ይብሳል። በሻሲው የላይኛና የታችኛ ክንፍ (ወደ ጎን በታጠፈው ጠርዝ) ላይ በአግድም የሚያልፍ ብየዳ ከፍተኛ መለጠጥ ባለበት ስፍራ ስንጥቅ የመጋበዝ ያህል ነው። ማጠናከሪያ ላሜራው ጫፉ ሾጠጥ ብሎ ቢቆረጥና ብየዳው ከክንፎቹ ርቆ በሻሲው ጎን ላይ ቢሆን ይመረጣል። ይህንኑ በብረት ምርጫ አልፈዋለሁ የሚልም አለ፤ ይሁንና የበየዱት ክፍል ድካምን የሚቋቋምበት አቅም ውድና ጠንካራ ብረት ስለተገዛ ብቻ አይጨምርም።

«ብረት እስከሆነ ድረስ ይበየዳል» ማለትም ስሕተት ነው። ባሌስትራ፣ ሞላና ቶርሽን ባር (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) ጥንካሬያቸውን ያገኙት ከሙቀት ሕክምና ስለሆነ፣ የአርኩ ሙቀት ያንን በአንድ ደቂቃ ያበላሸዋል። ባሌስትራ ላይ በስሕተት የተጫረ የኤሌክትሮድ ነጥብ ብቻ የስብራት መነሻ ሊሆን ይችላል። የመሪ ዘንጎችንና ክንዶችን በተመለከተ ደግሞ ውይይት የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ ይለወጣሉ እንጂ አይበየዱም።

ስለ ኤሌክትሮድ ሲነገር «ኢ7018 ከሆነ አያሳስብም» ይባላል። እውነት ነው፣ ጥሩ ኤሌክትሮድ ነው፤ 70 የሚለው ቁጥርም ቢያንስ 70,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች)፣ ማለትም 480 ሜጋ ፓስካል ገደማ የመሳብ ጥንካሬን ያመለክታል። ጥቅሙ ግን ደረቅ ከሆነ ነው። እሽጉ ተከፍቶ የከረመ ኤሌክትሮድ እርጥበት ይስባል፤ ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ብየዳው ይገባል፤ በጠንካራ ወይም በወፍራም ብረት ላይም ስንጥቁ ብየዳው ካለቀ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከሁለት ቀን በኋላ ሊታይ ይችላል። ሲጠናቀቅ ደህና የነበረ ብየዳ በማግስቱ እንደገና መታየት ያለበት ስለዚህ ነው።

በደኅንነት በኩል ሕይወት የሚያስከፍለው ስሕተት በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ቅባት ጠርጎ ወዲያው መበየድ ነው። ክሎሪን ያለበት ማጽጃ በአርክ ሙቀትና ጨረር ፎስጂን ወደሚባል መርዛማ ጋዝ ይለወጣል፤ የሳንባ ጉዳቱም ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፤ ወተት መጠጣት ይከላከላል የሚባለው መሠረት የለውም፤ የሚረዳው ልባጡን አስቀድሞ ፍቆ ማንሣት፣ አየር ማናፈስና ተገቢውን መተንፈሻ ማድረግ ነው። ባዶ የነዳጅ ታንክም ከሞላው ይልቅ ያሰጋል፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነውና። የማሽኑ የመሬት መቆንጠጫ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ካልታሰረ ጅረቱ በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ ሊያበላሸው ይችላል፤ ባትሪውም አስቀድሞ ይፈታል። መኪና በክሪክ ብቻ ተደግፎ ሥሩ መግባት እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ግን አይጠነቀቅም።

በመጨረሻም «ስንጥቅ ከታየ በላዩ ላይ ይበየዳል» የሚል አለ። ጭቃው ታጥቦ፣ ቀለሙ በቀጭኑ ተሰንጥቆ ቡናማ ዝገት ሲያወጣ የታየበት ጠርዝ ከላይ ቢሸፈን፣ ስንጥቁ ከሥር እንዳለ ስለሚቀር መንገዱን ይቀጥላል። መጀመሪያ ጫፉ በቀለም ፍተሻ ይፈለጋል፤ ቀጥሎ ስንጥቁ ሙሉ በሙሉ ተሞርዶ ይወጣል፤ ብረቱም ጸድቶ እንደ አዲስ ይበየዳል። በዚያው ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ከተሰነጠቀ ግን የሚጠረጠረው የመያዣው ቅርጽ ወይም የተቀመጠበት ቦታ ነውና፣ ክፍሉ ከነንድፉ ይቀየራል።