ሴፕቲክ ታንክና የማስረጊያ መሬቱ

የከተማ ፍሳሽ መስመር በማይደርስበት ቦታ ከመጸዳጃ ቤት፣ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ እዚያው ግቢ ውስጥ መጣራት አለበት። ይህን የሚያደርገው ሥርዓት ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ሴፕቲክ ታንክ፣ ሌላው የማስረጊያ መሬት ነው። ብዙ ባለቤት የሚጨነቀው ለታንኩ ነው። ውሃውን የሚያነጻው ግን በዋናነት አፈሩ ነው፤ የታንኩ ሥራ በአብዛኛው መለየት ነው።

ታንኩ ከኮንክሪት፣ ከፋይበርግላስ ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራ፣ ውሃ የማያሰርግ የተቀበረ ሣጥን ነው። መጠኑ የሚወሰነው ፍሳሹ ቢያንስ አንድ ቀን ያህል ረግቶ እንዲቆይ ታስቦ ነው። በዚህ ጊዜ ከባዱ ነገር ከታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ተንሳፍፎ ከላይ ቅርፊት ይሠራል፤ መካከል ላይ በአንጻሩ የጠራ ውሃ ይቀራል። በመውጫው ላይ የሚገጠመው የቲ ቅርጽ ያለው ቱቦ ወደ ታች የሚወርደው ለዚሁ ነው፤ አፉ ከቅርፊቱ በታች፣ ከዝቃጩም በላይ ስለሆነ መካከለኛውን ውሃ ብቻ ያሳልፋል። ይህ ርካሽ ቁራጭ ተሰብሮ ከወደቀ ቅባቱ ያለ ከልካይ ወደ ማስረጊያው ይጓዛል። ታንኩን ከፍተው ሙሉ ሆኖ በማየታቸው የሚደነግጡ አሉ፤ ጤነኛ ታንክ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ የገባውን ያህል ይወጣል።

ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ያሳንሱታል እንጂ አያጠፉትም። በተለመደው አጠቃቀም በየ3 እስከ 5 ዓመቱ በፍሳሽ መምጠጫ መኪና ማስነሣት ያስፈልጋል። ይህን ያስቀራሉ ተብለው የሚሸጡ ዱቄቶችና ፈሳሾች አያስፈልጉም፤ ባክቴሪያው ከሰው ዓይነ ምድር ጋር በነጻ ይመጣል። ከብስባሹ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ገዳይ ጋዝ ነው፤ ሲበዛ ማሽተትን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። የወደቀ ለማውጣት ተከትሎ የገባ ሰውም እዚያው የሚቀርበት አደጋ የታወቀ ነው። ታንክ ውስጥ ተገቢው መሣሪያና ሥልጠና የሌለው ሰው ፈጽሞ አይገባም።

አሠራሩ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ሙራ እ.ኤ.አ. በ1881 ለተመሳሳይ ጉድጓድ የፈጠራ መብት አግኝቷል።

ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ጠርቶ ቢታይም በሽታ አምጪ ተሕዋስያን አሉበት። በጠጠር ላይ በተነጠፉ ቀዳዳ ቱቦዎች አማካይነት በቦዮች ውስጥ ይሰራጫል። በጠጠሩና በአፈሩ መገናኛ ላይ ጥቁር፣ አንሸራታች የባክቴሪያ ንጣፍ ያድጋል። ንጣፉ ስስ ሲሆን ውሃውን አዘግይቶ ያጣራል፤ ሲወፍር ግን ይደፍነዋል። ከሥሩ ያለው አፈር ደግሞ አየር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በቦዩ ወለልና በከርሰ ምድር ውሃ መካከል ደረቅ አፈር መኖር አለበት። ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ አፈሩ በውሃ እስኪርስ ተጠብቆ፣ ውሃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰርግ ይለካል። ሻካራ አሸዋ በደንብ ሳያጣራ ያሳልፋል፤ ሸክላ አፈር ያቁራል። ናይትሬት የተባለውን በውሃ የሚሟሟ የናይትሮጅን ውህድ ግን ደህና አፈርም ቢሆን በአብዛኛው አያስቀረውም፤ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ከማስረጊያው እንዲርቅ የሚደረግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በብዙ ደንቦች ርቀቱ 30 ሜትር ገደማ ነው።

ማስረጊያውን የሚገድሉት ተራ ነገሮች ናቸው፦ በመታጠቢያ የሚደፋ የምግብ ዘይት፣ የማይበሰብስ እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት (ዋይፕስ)፣ ወደ ታንኩ የተመራ የጣሪያ ውሃ፣ የሳምንት ልብስ በአንድ ቀን ማጠብ፣ በላዩ ላይ መኪና ማቆም፣ ሥሩ የሚሰድ ዛፍ። ሲታመም መሬቱ ይረጥባል፣ በዝናብ እጦት ወቅት እንኳ ሣሩ በቦዮቹ መስመር ብቻ ይለመልማል፣ በቤት ውስጥም ውሃው እየተንቦጫረቀ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ታንኩን ማስመጠጥ ለጥቂት ቀናት እፎይታ ይሰጣል እንጂ የተደፈነ አፈር አይከፍትም። ብዙውን ጊዜ መፍትሔው አዲስ ቦይ መቆፈር ነው፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ነዳፊ ገና ከጅምሩ ምንም የማይሠራበት ትርፍ መሬት በፕላኑ ላይ ያስቀራል።